የመንገድ ላይ ደም የማን ዕዳ ነው?

በሀገራችን መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ አባቶችና እናቶች «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው መርቀው ይሸኙታል። ይህ ምርቃት ሰው በእግሩና በበቅሎው ይጓዝ በነበረበት ዘመን የተለመደ ነው። ከጋይንት ወደ ስማዳ፣ ከስማዳም ወደ እስቴ የሚሻገር ሰው ገደሉን፣ የክረምቱን የወንዝ ሙላትና ሽፍታውን ይፈራ ስለ ነበር፣ እንቅፋት የሌለበት፣ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ የለሰለሰ መንገድ ይመኙለት ነበር።

ይህ ምርቃት በዘመናችን በከፊል የተፈጸመ ይመስላል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይናውያን ባለሙያዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የተሠራውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጎዳና፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ታክኮ፣ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ጨጨሆ ይዘልቃል፤ ኋላም አስፋልት ለብሷል። በበቅሎ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓት የሚቈጠር ሆኗል። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን ማመስገን ይገባናል። ነገር ግን መንገዱ ጨርቅ ከሆነ ወዲህ ሌላ ፍርሃት መጥቷል፤ ይኸውም ገደሉና ወንዙ ሳይሆን፣ መሪ የያዘው ወንድማችን ነው።

ንፋስ መውጫን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ አውራ ጎዳናው ከከተማው ውጭ የሚያልፍ አይደለም፤ የከተማው ዋና መንገድ ራሱ ነው። ከወልድያ ወደ ጎንደር እህልና ሸቀጥ ጭኖ የሚከንፈው የጭነት መኪና በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ላይ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ገበሬው አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እናት ልጇን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገሰግሳለች። በገበያ ቀንማ ሰውና ከብት መንገዱን ሞልቶት ይውላል። ነጂው ግን ብዙ ጊዜ ከተማ መግባቱን የሚያስታውሰው የትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ነው። ከዚህ አውራጃ ተነሥቶ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሄደው ልጃችንም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ በአዲስ አበባ በመኪና ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ በመኪና የተሳፈሩት ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓይናችን ያየነውን እንናገር። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በአንድ አነስተኛ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተሳፍረን ነበር። ጊዜው ማለዳ ነው፤ የጉና ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ነጂው ምግባረ መልካም የሚመስል ጐልማሳ ነበር። ከፊቱ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሏል፤ መዝሙር ከፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቊጥር ያማትባል። ሆኖም በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እየተነጋገረ፣ በጉሙ ውስጥ በብርቱ ፍጥነት ይነዳ ነበር። ከአንድ ጠመዝማዛ ላይ እንደ ደረስን ሁለት በጎች የምትነዳ ትንሽ ልጅ ድንገት ከፊታችን ታየች። ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናው ተንሸራተተ፤ ልጅቱን በክንድ ያህል ርቀት ስቶ አለፋት፤ አንደኛው በግ ግን ከጎማው ሥር ቀረ።

ሁላችንም «ተመስገን» አልን። ነጂው ግንባሩን ጠርጎ «ቀኗ አልደረሰም» አለ። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት መነኵሴ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ቀኑንስ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ፍጥነቱን ግን የምታውቀው አንተ ነህ» አሉት። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «እማሆይ፣ አይስጉ፤ ሾፌሩ ጎበዝ ነው» ብሎ አስቆማቸው። መኪናውም እንደ ቀድሞው መገስገስ ጀመረ። እኛስ ምን አደረግን? ስለ ሃይማኖት እናስተምራለን የምንለው እኛ ዝም አልን። የመነኵሲቱ ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወንም፤ ይህንንም ጽሑፍ ያጻፈን እርሱ ነው።

ሰው በመኪና በሞተ ጊዜ ሁላችን የምንናገረው ቃል አንድ ነው፤ «አደጋ ነው» እንላለን። በዚህም ቃል ነጂውንም ራሳችንንም ከበደል እናወጣለን። በውኑ ሁሉም አደጋ ነውን? ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ሕግጋት አስቀምጦልናል።

የመጀመሪያው የመጥረቢያው ሕግ ነው (ዘዳ. 19፥4-6)። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋራ እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ሄደ። መጥረቢያውን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ገደለው። ይህ ሰው ጥል አልነበረውም፤ የሚመጣውንም አላወቀም። ስለዚህ ሕጉ ደም መላሽ እንዳያገኘው የመማጸኛ ከተማ አዘጋጀለት።

ሁለተኛው የበሬው ሕግ ነው (ዘጸ. 21፥28-29)። አንድ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፣ የበሬው ጌታ አስቀድሞ ያላወቀ እንደ ሆነ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ ለጌታውም ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢሞት፣ ደሙ በጌታው ላይ ነው። ልብ እንበል፤ በሬውን ሂድና ውጋ አላለውም፤ በሟቹም ላይ ቂም አልነበረውም። በደሉ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም እያወቀ አለመጠበቁ ነው።

እንግዲህ በከተማ መካከል በፍጥነት የሚነዳ፣ ስልክ እየተነጋገረ የሚያሽከረክር፣ ጠጥቶ መሪ የሚይዝ፣ ጠመዝማዛ ላይ ደርቦ የሚያልፍ ነጂ በየትኛው ሕግ ይዳኛል? ጎማው ባላወቀው ምክንያት ድንገት የፈነዳበት ሰው የመጥረቢያው ባለቤት ይሆን ይሆናል። ያልተነገረው ነጂ ግን በዘመናችን የለም፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተምሯል፤ በመንገድ ምልክት ተነግሮታል፤ የወዳጁን ቀብር ቆሞ አይቷል። ስለዚህ ተዋጊ በሬውን በገበያ መካከል ፈቶ የለቀቀ ሰው ነው።

የሀገራችንም ሕግ ይህንኑ ይለያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ ግልጽ የሆነውን ደንብ ጥሶ ወይም ራሱን በመጠጥ አደንዝዞ ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሆን ብሎ አልገደለምና ነፍሰ ገዳይ አይለውም፤ እያወቀ አልተጠነቀቀምና ነጻም አያወጣውም።

«አደጋ» የሚለው ቃል ጥንታዊ መሸሸጊያ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች የልጆች እናት በሞተር መኪና ተገጭታ ሞተች። በእንግሊዝ ሀገር በእግሯ ስትሄድ መኪና የገደላት የመጀመሪያዪቱ ሰው እርሷ መሆኗ ይነገራል። ጉዳዩን የመረመሩትም ሸንጎ ተቀምጠው «የአደጋ ሞት ነው» ብለው ፈረዱ፤ መርማሪውም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ተስፋ ማድረጉ ይነገራል። ተስፋው ግን አልተፈጸመም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ እንደ ሞቱ አስታውቋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነጂው ልብ እንግባ። ክፉው ነገር ከእግሩና ከእጁ በፊት የሚፀነሰው በዚያ ነውና። ብዙ ነጂዎችን ጠይቀን የሰማነው ምክንያት በአራት ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው «እኔ ጎበዝ ነጂ ነኝ፤ አደጋ የሚያደርሱት ሌሎች ናቸው» የሚለው ነው። ስቬንሰን የተባለ የስዊድን ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የአሜሪካና የስዊድን ነጂዎችን ስለ ችሎታቸው ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካውያኑ ከመቶው 93ቱ፣ ከስዊድናውያኑም ከመቶው 69ኙ ከመካከለኛው ነጂ እንበልጣለን አሉ። ነገር ግን ከመቶ ሰዎች ከመካከለኛው በላይ ሊሆኑ የሚችሉት 50 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ራሳቸውን አታለዋል። ይህ በሽታ የስዊድን ወይም የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በቤተ መቅደስ ቆሞ እንደ ሌሎች ሰዎች ባለመሆኑ ያመሰገነው ፈሪሳዊ (ሉቃ. 18፥11) መሪ ቢይዝ እንዲሁ ይናገር ነበር። ትዕቢት በጸሎት ቦታ ነፍስን ይጎዳል፤ በመንገድ ላይ ግን የሌላውንም ሥጋ ይጨምራል።

ሁለተኛው «ቀኑ ከደረሰ ቤት ቢቀመጡም አይቀርም» የሚለው ነው። ይህ ቃል የእምነት ልብስ ስለ ለበሰ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። ጠላት ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ባቆመው ጊዜ፣ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር ብሎት ነበር (ማቴ. 4፥5-7)። ጌታችን የመላእክትን ጥበቃ አልካደም፤ ሆኖም በጥበቃው ተመክቶ ከከፍታ መዝለል እግዚአብሔርን መፈታተን መሆኑን አስተማረን። ቅዱስ ሥዕል ከፊቱ ሰቅሎ በጉም ውስጥ የሚበር ነጂ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሥዕሉን መስቀሉ መልካም ነው፤ ማማተቡም መልካም ነው። ነገር ግን ሥዕሉ የተሰቀለው ነጂው እንዲጸልይና ራሱን እንዲገዛ እንጂ፣ ፍሬን የመያዝን ተግባር ለእመቤታችን እንዲተውላት አይደለም።

ሦስተኛው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር የሆነ ከተማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና በ3 ደቂቃ ይታለፋል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ደግሞ በ6 ደቂቃ ይታለፋል። ትርፉ 3 ደቂቃ ነው። ዕዳውስ? በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል። አንድ ሕፃን በ20 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ቢገባ፣ በ30 የሚሄደው መኪና ደረቅ መንገድና ደኅና ፍሬን ካለው በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ሕፃኑም ይድናል። በ60 የሚሄደው ግን ለመቆም 36 ሜትር ያህል ስለሚሻ፣ ሕፃኑ ጋራ ሲደርስ ገና ከ50 በሚበልጥ ፍጥነት ላይ ነው። የ3 ደቂቃ ትርፍ በሰው ሕይወት ተመነዘረ ማለት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የተሰበሰቡት መንግሥታት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የተስማሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጉና ትከሻ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጅ ለመቈጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ነጂም ይህን ይወቅ። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። ማርሹን ካወጣ ግን የጭነቱ ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ መያዙን ይተዋል። በዚያን ጊዜ «ፍሬን እንቢ አለኝ» ማለት፣ አስሮ ያልያዘውን በሬ መልሶ መክሰስ ነው።

አራተኛው «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚነዳ» የሚለው ነው። ነጂዎች ትራፊክ ፖሊስ ከፊት መኖሩን ለባልንጀራቸው ለማስታወቅ በመብራት እንደሚጠቃቀሱ ሁላችን እናውቃለን። እርስ በርስ መተዛዘናቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ማንን ከማን ያድናሉ? ቅጣት የሚፈራውን ያድናሉ፤ ጠመዝማዛው ሥር የሚጫወቱትን ሕፃናት ግን ያስረሳሉ። ከፊት ልጆች መንገድ ሲሻገሩ አይቶ ለባልንጀራው መብራት የሚያበራ ነጂ ቢበዛልን ምንኛ መልካም በሆነ!

ስለ ነጂው ብቻ ተናግረን ብንተው ግን ፍርዳችን አድልዎ ይሆናል። ቤቱን የሚሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ፍሬኑ ያለቀ መኪና አውጥቶ፣ በቀን ይህን ያህል ምልልስ ካላደረግህ እንጀራህ ይቈረጣል የሚል ባለንብረት፣ መከታ የሌለውን ጣራ ያከራየ ሰው ነው። ተሳፋሪውም ከዕዳው አይወጣም። ቀስ ብሎ የሚነዳውን «ዔሊ» ብሎ የሚሰድብ፣ የሚበረውን «ልብ ያለው» ብሎ የሚያሞግስ፣ የነጂውን ልብ የሚሠራው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓይነት ከባድ የጭነት መኪና በሕዝቡ አንደበት «ቀይ ሽብር» ተብሎ ተሰይሟል። በብዙ እናቶች እንባ የታሰበውን የዚያን ዘመን ስም ለመኪና አውጥተን መሳቃችን፣ ሞቱን ምን ያህል እንደ ተላመድነው ያሳያል። ዝም ብለን የተቀመጥነው እኛም የዚያን ቀን ከዚህ ወገን ነበርን።

በሀገራችን የሰው ደም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካህን መስቀል ይዞ በመካከል ይገባል፤ ካሳ ተቈርጦ፣ ይቅርታ ተጠይቆ ደም ይደርቃል። በመኪና ሰው ሲሞትም ይኸው ሥርዓት ሲፈጸም አይተናል። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሽማግሌውና ካህኑ ከሞት በኋላ ለዕርቅ የሚደክሙትን ድካም ሩቡን እንኳ ከሞት በፊት ለምክር ቢያውሉት፣ ስንት ነፍስ በዳነ!

እዚህ ላይ እኛ ካህናትና መምህራን ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ነጂ ወደ ንስሐ አባቱ ሲቀርብ ምን ይናገራል? ጾም መሻሩን፣ መሳደቡን፣ መስከሩን ይናዘዛል። «አባቴ፣ በከተማ መካከል በፍጥነት ነዳሁ፤ ጠጥቼ መሪ ያዝሁ፤ ለእግረኛ ቅድሚያ ከለከልሁ» ብሎ የተናዘዘ ነጂ ግን አልገጠመንም። ሰው ካልተገጨ በቀር ኀጢአት አይመስለውምና። የንስሐ አባትም «ልጄ፣ እንዴት ትነዳለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን በሬውን ያላሰረው ሰው በደሉ የጀመረው ሰው በሞተ ቀን ነውን? አይደለም፤ ተነግሮት ሳለ ሳያስረው ባደረበት የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ማንም ሳይሞት በሰላም ያለፈ የፍጥነት ጉዞም የንስሐ ጉዳይ ነው። ከመርገጡ በፊት የሚናዘዝ ነጂ በኋላ በሰው ቀብር ላይ ከመናዘዝ ይድናል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እንመክራለን። የንስሐ አባቶች ነጂ የሆነውን ልጃቸውን ስለ አነዳዱ ይጠይቁት። በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት ባሉ ማኅበራት፣ ጽዋው ሲጠጣ ከማኅበርተኛው መካከል ነጂ ያለ እንደ ሆነ ጠጥቶ መሪ እንዳይዝ ማኅበርተኛው ይጠብቀው። ተሳፋሪ የሆነ ክርስቲያን «ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ እንደርሳለን» ለማለት አይፈር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው «እውነቱን ነው» ይበል፤ ብቻውን የተናገረ ይናቃልና። እግረኛውም ልጆቹን መንገድ መሻገርን ያስተምር፤ በጨለማና በጉም ጊዜ ነጭ ነጠላውን ገልጦ ይሂድ።

በመጨረሻ አንድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እናስታውስ። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላ ተቀምጦ ነበር (የሐዋ. 8፥26-39)። ባለሥልጣን ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ለመቸኰል ምክንያት አላጣም። ነገር ግን በእግሩ እየሮጠ የቀረበውን ፊልጶስን አልናቀውም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው፤ ኋላም ውኃ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ። በመንኰራኵር ላይ ተቀምጦ በቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈልን ወገናችን እግረኛን ያከበረና ሠረገላውን ያቆመ ሰው ነው። በረከቱንም ያገኘው በመፍጠኑ ሳይሆን በመቆሙ ነው።

በጉም ውስጥ ያየናት ልጅ ዛሬ አድጋ ይሆናል። የእርሷ ቀን አለመድረሱን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል፤ ፍጥነቱን ግን የሚያውቀው መሪ የያዘው ነው። ይህን ያወቀ ነጂ «አልተነገረኝም» ሊል አይችልም፤ ይህን ያነበብን እኛም በሚቀጥለው ጉዟችን ዝም ልንል አይገባንም።

መንገደኞችን ሁሉ በሰላም ወጥተው በሰላም ይገቡ ዘንድ፣ ለነጂዎችም ማስተዋልን ይሰጥ ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችንም አማላጅነት ከሁላችን ጋራ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።